ምርመራው ተገኝቷል፤ የቀረው በጊዜ መድረስ ነው

ሚርዲፍ ከዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም የማይርቅ፣ ለሻርጃም የቀረበ የቤተሰብ ሰፈር ነው። በዚህና በአጎራባች ሰፈሮች የአሠሪዎቻቸውን ቤት ይዘው ወይም የራሳቸውን ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ እህቶቻችን አሉ። በአገር ቤት የአንዲት ነፍሰ ጡር ፊት አበጥ ሲል አስቀድመው የሚያዩት እናቷ፣ አክስቷ ወይም ጎረቤቶቿ ናቸው። በስደት ግን ይህን የሚያይ ዐይን ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ የሕክምናው ዓለም በቅርብ ዓመታት ያገኘው የደም ምርመራ ለእኛ ልዩ ትርጉም ሊኖረው ይገባል።

ሕመሙ ሐኪሞች ፕሪኢክላምፕሲያ የሚሉት፣ በተለምዶ የእርግዝና ደም ግፊት እየተባለ የሚጠራው ነው። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ2 እስከ 8 የሚሆኑትን ያገኛል። ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይጀምራል። የደም ግፊት 140 በ90 ይደርሳል ወይም ያልፋል፤ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይታያል፤ ወይም ጉበትና ኩላሊት ይታወካሉ። ክፋቱ መጀመሪያ ላይ ሕመም ላይሰማ መቻሉ ነው። እናቲቱ «ደህና ነኝ» እያለች ግፊቷ ሊያሻቅብ ይችላል። ችላ ከተባለ ወደ መንቀጥቀጥና ራስን ወደ መሳት፣ ወደ አንጎል ደም መፍሰስ፣ እስከ እናትና ልጅ ሞትም ያደርሳል። በኢትዮጵያም ከደም መፍሰስ ጋር እናቶችን ከሚነጥቁ ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የሕመሙ ሥር ያለው በእንግዴ ልጁ ነው። እንግዴ ልጁ ከማሕፀን የደም ሥሮች ጋር በሚገባ ሳይተሳሰር ሲቀር፣ በእናቲቱ ደም ውስጥ የሁለት ፕሮቲኖች ሚዛን ይዛባል። አንደኛው ፒኤልጂኤፍ ይባላል፤ የደም ሥሮችን የሚያሳድግና ጤንነታቸውን የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ኤስኤፍኤልቲ-1 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን እየያዘ ሥራ ያስፈታዋል። ሁለተኛው ሲበዛና አንደኛው ሲያንስ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ግፊትም ይጨምራል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ2003 ካሳዩ ወዲህ የሁለቱ ፕሮቲኖች ንጽጽር በላቦራቶሪ የሚለካ ቁጥር ሆኗል።

ቁጥሩ ምን ይነግራል? እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ፣ በ14 አገሮች የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመሙ የተጠረጠረባት ነፍሰ ጡር ንጽጽሯ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ውስጥ ሕመሙ የሚጀምራት መሆኑ እጅግ አነስተኛ ነው። በእንግሊዝ በ11 የወሊድ ክፍሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የፒኤልጂኤፍ ውጤት ለሐኪሞች ሲገለጽ ሕመሙን ለይቶ ለማወቅ የሚወስደው ጊዜ ከ4.1 ቀን ወደ 1.9 ቀን መውረዱን አመልክቷል። ግፊቷ እየጨመረ ላለ እናት ሁለት ቀን ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ፈቃድ ሰጥቷል።

ይሁንና ከምርመራው የማይገኘውን ከእርሱ መጠበቅ አይገባም። መልካም ውጤት የጥቂት ቀናት ማረጋገጫ እንጂ እስከ ወሊድ የሚዘልቅ ዋስትና አይደለም። የግፊት መለኪያውንና የሽንት ምርመራውንም አይተካም። ሕመሙ ከተገኘ ሐኪሞች ግፊቱን በመድኃኒት ይቆጣጠራሉ፤ መንቀጥቀጥን ለመከላከል ማግኒዥየም ሰልፌት ይሰጣሉ፤ በመጨረሻም መፍትሔው ልጁና እንግዴ ልጁ በጊዜው መውጣታቸው ነው።

ሌላው ጥቅም ገና በጠዋቱ የሚገኘው ነው። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት ድረስ የደም ግፊትን፣ የአልትራሳውንድ ምርመራንና ፒኤልጂኤፍን በማጣመር ሥጋቱ ከፍ ያለባትን እናት መለየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት እንዲህ ላሉ እናቶች በየምሽቱ 150 ሚሊግራም አስፕሪን ሲሰጥ፣ ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚከሰተው ሕመም በ62 በመቶ ቀንሷል። ይህ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ አይደለም።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በ12ኛው ሳምንት የሚደረግ ምርመራ በ24ኛው ሳምንት ለመጣች እናት አይደርስላትም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከወለዱ እናቶች መካከል 74 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ ክትትል አግኝተዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት ግን 43 በመቶ ብቻ ናቸው። ልማዱ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል። ሆድ ሳይገፋ እርግዝናን አለመናገር፣ የሰው ዐይንን መፍራት፣ ሥራ እንዳይቀር መደበቅ፣ «ያለፈውን ያለ ሐኪም ወልጃለሁ» ማለት ዛሬም አለ። ከሰው መሸሸግ የባለቤቷ መብት ነው፤ ከሐኪም መሸሸግ ግን በሁለት ነፍስ ላይ መፍረድ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ነፍሰ ጡር ስትንቀጠቀጥ «ጅን ይዟታል» ብሎ ውድ ሰዓትን ማባከን ነው። ዱዓእና ሩቅያ ቦታ አላቸው፤ ነገር ግን እናቲቱን ወደ ሆስፒታል እየወሰዱ ሊደረጉ ይችላሉ። መድኃኒት መፈለግ ተወኩልን አያፈርስም። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓችን ከቆመባቸው ዓላማዎች አንዱ ነው። ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሠጋ ነፍሰ ጡር በረመዷን ማፍጠር የተፈቀደላትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ቀዷውና ስለ ፊድያው ዑለማዎችን ትጠይቅ፤ የግፊት መድኃኒቷን ግን ለጾም ብላ በራሷ ፈቃድ አታቋርጥ።

የምንኖርባት አገር ሕግ በሩን ከፍቷል። በዱባይ የጤና መድን ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ ነው፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ በሻርጃ፣ በዐጅማንና በሌሎቹ ሰሜናዊ ኢማራቶች የግል ዘርፍ ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች መድን እንዲኖራቸው ተደንግጓል። የቤት ሠራተኞች ሕግም የሳምንት ዕረፍትን ያረጋግጣል። ካርዱ የእርግዝና ክትትልን እስከ የት እንደሚሸፍንና ይህ የደም ምርመራ በውስጡ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ግን የእያንዳንዱ ባለካርድ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ባል ሚስቱን እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ ለመጀመሪያው ክትትል ይውሰዳት። ቋንቋ የሚያውቅ ለማያውቀው ያስተርጉም። አሠሪ ለቀጠሮው ቀን ፈቃድ ይስጥ። ለመውለድ ወደ አገር ቤት የምትሄድ እህት የግፊቷንና የደም ምርመራዋን ውጤት በእጇ ይዛ ትሂድ፤ እዚያ የሚቀበላት ሐኪም ወይም አዋላጅ ያን ወረቀት ይፈልገዋል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ በስተቀኝ ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየባት እናት ቀጠሮዋን አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትሂድ። በኢማራት የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር 998 ነው። ይህን ቁጥር በየቤታችን፣ የአማርኛ ተናጋሪዋ ነፍሰ ጡር ዐይን በሚያርፍበት ቦታ እንጻፈው።