ከአራስ ቤት የወጣች እናት ወገብ

አራስን ማሳረፍና ማጥገብ ከአባቶቻችን የተላለፈ መልካም ልማድ ነው። ክርስቲያኑ ወንድ ሲወለድ 40፥ ሴት ስትወለድ 80 ቀን ይጠብቃል፤ ሙስሊሙም 40 ቀን ያከብራል። ነገር ግን በካራቆሬና በይፋት ቆላ ለሚገኙ አንባቢዎቻችን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን፤ ይህ ዕረፍት በተፈጸመ ማግስት እናቲቱ ምን ትሸከማለች?

20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ከ20 ኪሎ ይበልጣል። ይህን የሚሸከመው ወገብ ደግሞ በእርግዝና ወራት የሆድ ጡንቻው የተለጠጠ፥ ለሕፃኑ መውጫ ይሆን ዘንድ የዳሌው ጅማት የላላ ወገብ ነው። እንደ ቀድሞው እስኪጠና ወራት ይፈጅበታል። መቀነት ጠበቅ አድርጎ መታጠቅ ለጊዜው ይደግፋል እንጂ የላላውን ጡንቻ አያጠነክርም። ዘወትር መተኛትም እንዲሁ ነው። የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ ነው።

በደኅና የወለደች እናት ከመኝታዋ ሳትርቅ ልትጀምር ትችላለች። አንደኛ፤ ሽንት እንደሚይዝ ሰው የዳሌን የውስጥ ጡንቻ ማጥበቅ፥ እስከ 5 ቆጥሮ መልቀቅ፤ ይህንንም 10 ጊዜ፥ በቀን ሦስቴ መደጋገም። ሁለተኛ፤ በጀርባ ተኝቶ፥ ጉልበትን አጥፎ፥ ወገብን ወደ መኝታው ቀስ ብሎ መጫንና መልቀቅ። ሦስተኛ፤ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ መራመድ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ የሚከለክላት ሕመም የሌለባት ወላድ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንድትንቀሳቀስ ይመክራል። በቀዶ ሕክምና የወለደች ግን አስቀድማ አዋላጅዋን ትጠይቅ።

እንቅስቃሴው ሕመሙን የሚያብስ ከሆነ ይቁም። ትኩሳት፥ ብዙ ደም መፍሰስ፥ የእግር እብጠት ወይም መደንዘዝ፥ ያለ ማቋረጥ የሚፈስ ሽንት ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

«ወልዳ ወገብዋን ያላመማት ማን አለች?» እያሉ ማለፍ ልማድ ሆኖአል። እኛ ግን ይህን አባባል አንቀበለውም፤ ሕመሙ ብዙዎችን ስላገኘ ሊታገሡት የሚገባ ዕጣ አይሆንምና። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ወላጆች ያስረዱ። ባሎችም ገንፎው ባለቀ ጊዜ ርዳታቸው አይለቅ፤ ለጥቂት ወራት ጀሪካኑንና የእንጨቱን ሸክም እነርሱ ይያዙ። የእናቲቱ ወገብ የቤቱ ምሰሶ ነውና።