የአገሩን ሰርዶ

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ባለሥልጣን የለም። በስብሰባ መክፈቻ ይጠቀሳል፤ ጭብጨባም ይከተላል። ከዚያ በሬው ከአዲስ አበባ ይላካል፣ ቀንበሩ ከባሕር ዳር፣ ሞፈሩ ከደብረ ታቦር። የአገሩ ሰው ድርሻ ሰርዶውን ማብቀል ብቻ ይሆናል።

ይህን የምለው ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እያሰብኩ ነው፤ ከጉና ተራራ ተነሥተው እስከ ዓባይና በሽሎ ገደል የሚወርዱትን ወረዳዎች።

በቃል ልጀምር፤ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ሌላ መጀመሪያ የለውም። በአማርኛ ግብር ገበሬው ለሹሙ የሚከፍለው ነው። ግብር ሹሙ ለሕዝቡ የሚያበላው ድግስም ነው። የጥንቱ ሹም ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ቃሉ የተወሰደ ነገር በሆነ መልኩ እንደሚመለስ ያስታውስ ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ቀርቷል። የጋይንት ገበሬ የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብሩን ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ይህን ገቢ የክልል አድርጎታል። ብሩ ይወጣል፣ ከሌላ ብር ጋር ይቀላቀላል፣ በቀመር ተሰልቶ ጥቅል በጀት ተብሎ ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ገበሬው የከፈለውን ከተሠራለት ጋር የሚያገናኝበት ክር የለውም። ክር የሌለው ሰው ደግሞ «ብሬ የት ደረሰ?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም።

ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በ1994 ዓ.ም. ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ ተባለ። የወረደው ግን ሥራው ነው፤ ኮሮጆው ላይ ቀረ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ በመሬት ላይ የተጣለ ነበር፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ በተቋቋሙ የትምህርት ቦርዶች በኩል ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታስቦ ነበር። ይህ ሐሳብ ቢያድግ ኖሮ እላለሁ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የአውራጃ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ አወጡ፤ ቁጥር 43 ነው። የተመረጡ አውራጃዎች ምክር ቤት ኖሯቸው ትምህርቱን፣ መንገዱንና ጤናውን እንዲመሩ። ፓርላማው ግን ገንዘቡን የሚፈቅደውን ሕግ አላጸድቅም አለና ትእዛዙ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ወዲያው በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ። ከእስቴና ከስማዳ ፊት ለፊት፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ የሞጣና የብቸና ገበሬ ጠመንጃውን አነሣ። መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ። ወታደር ተላከበት፣ አውሮፕላንም ተላከበት፤ በመጨረሻ ዙፋኑ ውዝፉን ምሮ ተመለሰ። ለአውራጃው የራሱን ገንዘብ ማዘዝ የነፈገ መንግሥት ዓመት ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተጨማሪ አምጣ ማለቱ ነው እኔን የሚገርመኝ።

ትምህርት ላይ ጥቂት ልቆይ። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ለማስመስከር የሚሄደው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ፤ እሱም ጋይንት ነው። እስቲ አስቡት። ሚኒስቴር የለ፣ የፈተናዎች ድርጅት የለ፣ ማኅተም ያለው ካርድ የለ። የቤተልሔም መምህር «ይበቃል» ያለው ሰው ግን ትግራይ ቢሄድ፣ ሸዋ ቢሄድ መሪጌታነቱን የሚጠራጠር የለም። ተማሪው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ያድራል፤ መንደሩ ያበላዋል። መመዘኛው የጠበቀው ቤቱ ስሙን ስለሚፈራ ነው። አንድ ያልበሰለ ድጓ አዋቂ ከለቀቀ ስሙ የሚጠፋው የዚያው ቤት ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።

አውቃለሁ፣ ያ ትምህርት ሴት ልጅን ከደጅ አስቀርቷል፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬትም ነበር ከኋላው። ቅኔ ቤትን በየቀበሌው እንትከል አላልኩም። ያልኩት ጥራት የግድ ከማዕከል አይመነጭም ነው። ማዕከሉ የሠራውንማ አየን፦ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ስሙ የጠፋው የማን ቤት ነው? የማንም። ርእሰ መምህሩን የሾመው ወላጅ አይደለም፣ መጽሐፉን የመረጠው መምህሩ አይደለም። የወላጅና የመምህራን ኅብረት ተብሎ የተቋቋመው አካል ድንጋይና እንጨት አዋጣ ሲባል ይጠራል፤ መምህር ሲቀየር አይጠራም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ስንትና ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ትምህርት ቤቱ «የመንግሥት ቤት» ተብሎ ሲጠራ የኖረ ስለሆነ ከመንግሥት የተጣላ ሁሉ ከእሱም ይጣላል፤ ወላጁም «የኔ ነው፣ አትንኩት» የሚልበት አፍ የለውም።

ወደ መብራት ልምጣ። የዓባይ ልጅ ውኃ ጠማው ይባል ነበር፤ አሁን መብራትም ጨምሩበት። ወንዙ እስቴንና ስማዳን በግርጌያቸው አልፎ ነው ጉባ የሚደርሰው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት። ደስ ብሎኛል፣ ማን ደስ የማይለው አለ? ገበሬውም ቦንድ ገዝቷል። ግን በነዚያ ወረዳዎች የብዙው ጎጆ ምጣድ የሚሰማው ዛሬም በኩበት ነው። ለማሳው የሚሆነውን ፍግ ምጣድ ሥር አንድዶ፣ በብድር ማዳበሪያ ይገዛል። እሱም ሲገኝ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የክልሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኸዋል።

መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ቢከፈልም ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች የፌዴራል ናቸው። ሽቦው የነሱ፣ ምሰሶው የነሱ፣ ታሪፉ ከላይ። ትራንስፎርመር ሲቃጠል መንደሩ ከመጠበቅ ሌላ ሥልጣን የለውም። በገጠር ጎጆ ኩራዝን ያባረረው ማነው ብትሉ፣ ትንሿን ሶላር በገበያ ቀን ይዞ የመጣው ነጋዴ ነው፤ ስብሰባም አልጠራ። እንደኛው ተራራ በበዛባት ኔፓል መንደሮች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ትናንሽ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች በሺሕ ይቆጠራሉ፤ ኮሚቴ ይመርጣሉ፣ ሒሳቡን ራሳቸው ይሰበስባሉ። ከጉና የሚወርደውን ወንዝ በውኃ ወፍጮ የገራ አገር ይህ ያቅተዋል?

«በሴፍቲ ኔት የሚኖር ወረዳ ራሱን ያስተዳድር ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በምግብ ዋስትና መርሐ ግብሩ የታቀፉ ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርከኑን የሠራው፣ የገጠር መንገዱን የቆፈረው ያው ችግረኛ ነው። በመንደሩ ማን ይበልጥ እንደተቸገረ የሚለየውም የራሱ የመንደሩ ኮሚቴ ነው። ስንት ሰው ይታቀፍ የሚለው ቁጥር ግን ኮታ ሆኖ ከላይ ይመጣል። ሰባት ችግረኛ ባለበት አምስት ምረጡ ይባላል፤ ጠቡ ለመንደሩ፣ ምስጋናው ለላዩ።

የበለጠ የሚከብደኝ ሌላው ክርክር ነው፦ የቅርብ ሹም ከሩቁ ይከፋል የሚለው። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ ያየ ሰው ይህን ሲል አልስቅበትም። «ቢሮክራት»፣ «የፊውዳል ርዝራዥ» እየተባለ የጎረቤቱን መሬት የቆረሰው የቀበሌ ሰው ነበር። ግን መመሪያው ከየት መጣ? የቀበሌ ሹም የሚፈራው የሾመውን እንጂ የሚኖርበትን መንደር አይደለም። አጠገብ የሚኖር የሩቅ ሰው ነው። እሱን በእጅ ብልጫ ማንሣት የሚችል፣ የግብሩንም ጥቂት ክፍል በራሱ የሚያዝ መንደር ገና አልተሞከረም። እስኪሞከር ድረስ ከላይ የሚያዘው እንዲያሳየኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ዘንድሮ ከየቀበሌው ስንት ብር እንደተሰበሰበና ስንቱ ተመልሶ ለምን እንደዋለ፣ በገበያ ቀን ጮክ ብሎ ይነበብ። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም፤ ደረሰኙ እንደሆነ ተቆርጧል።