ለነፍሰ ገዳይ ሞት ይገባዋልን?



ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ዘግናኝ ግድያ በተሰማ ቁጥር ወጣቶቻችን «ይህን ላደረገ ከሞት በቀር ምን ይገባዋል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን በንዴት ሳይሆን በዕውቀት እንፈልገው።

አላህ (ሱ.ወ.) አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ መግደል ሰውን ሁሉ እንደ መግደል መሆኑን ነግሮናል (አል-ማኢዳህ 32)። ሆን ብሎ በገደለ ላይም ቂሷስን ደነገገ። ነገር ግን እዚያው የይቅርታን በር ከፈተ (አል-በቀራህ 178)፤ የሟች ወራሾች የደም ካሳ (ዲያ) መቀበልም ሆነ ምሕረት ማድረግ ይችላሉ። የሀድያና የከምባታ ሽማግሌዎቻችን ሁለቱን ወገን አስታርቀው በካሳ ደም ማድረቃቸውም ለዚህ የቀረበ ነው።

የቅርብ ታሪካችንን እንመልከት። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በቀይ ሽብርም እልፍ ወጣቶች አለቁ። የደርግ ባለሥልጣናት ግን ለሌሎች የነፈጉትን ችሎት ራሳቸው አገኙ፤ ለዓመታት ተከራከሩ። ግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኮሎኔል መንግሥቱና በሌሎችም ላይ ሞት ፈረደ። የክርስትናና የእስልምና መሪዎች ምሕረት ጠየቁላቸው፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ የ23ቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 እንዲህ ያለ ወንጀል በይቅርታ እንዳይታለፍ ከልክሎ፣ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥን ግን ፈቅዷል።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ይቅር ለማለት መብቱ የማን ነው? መንግሥት ቅጣት ሊያቀል ይችላል፤ የልጇን አስከሬን እንኳ ሳታገኝ በቀረች እናት ስም ግን «ይቅር ብያለሁ» ሊል አይችልም። በሸሪዓ ይህ ቃል የወራሾች ነው። ስለዚህ ምሕረት የሚጠይቅ ሽማግሌ አስቀድሞ የእርሷን ደጅ ያንኳኳ።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው፦ ለከፋው ወንጀል የሞት ቅጣት በሃይማኖታችን የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም ያለ ዳኛና ያለ ጽኑ ማስረጃ የለም፤ ጥርጣሬ ካለ ይቀራል፤ ወራሾች ይቅር ካሉም ቂሷሱ ይወድቃል። በመንገድ ላይ ተሰብስቦ ተጠርጣሪን መደብደብ ፍትሕ አይደለም፤ ሌላ ግድያ ነው። ወላጆች ይህን ለልጆቻችሁ አስተምሩ።

አላህ በፍትሕ የምንፈርድ፣ ስንችል ይቅር የምንል ያድርገን። ወላሁ አዕለም።