ወዛችንን ለብርድ አንስጥ

እስቲ መጀመሪያ በስሙ እንግባባ። የፈረንጆቹ የጤና ምክር «በክረምት ስትሮጡ ቆዳችሁን ጠብቁ» ሲል በረዶ እያሰበ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው። ሰቆጣ ላይ ቆዳ የሚሰነጥቀው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቱታ ለብሶ ለሩጫ የወጣውን ሰው ጣቱን ቆፈን ይይዘዋል፤ ረፋድ ላይ ያንኑ ሰው ፀሐይ አናቱን ትጠብሰዋለች። በአንድ ጠዋት ሁለት ወቅት!

ታዲያ እኛ ወጣቶቹ ምን እናደርጋለን? ምንም! ከንፈራችን ተሰንጥቆ፣ እግራችን አመድ መስሎ እንመለሳለን። ቫዝሊን በኪሱ የያዘ ወንድ ካገኘን ደግሞ «ሙሽራው!» እያልን እንስቅበታለን። ጎበዝ፣ ተሳስተናል። ቆዳ መጠበቅ መሽሞንሞን አይደለም። በተሰነጠቀ ተረከዝ ጀርም ይገባል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ሯጩም ቤቱ ይቀመጣል።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ደረቅ አየርና ነፋስ የቆዳን እርጥበት ይመጥጣሉ። ቫዝሊን እርጥበት አይጨምርም፤ ያለው እንዳይወጣ ይከድናል እንጂ። ስለዚህ የሚቀባው ታጥበን ቆዳችን ገና እርጥብ እንዳለ ነው። የሚያቃጥል ውሃ ወዝ ያጥባል፤ ለብ ያለ ይበቃል። በላብ የራሰ ካልሲ ቶሎ ይውለቅ፤ በጣቶች መሀል ያለው ይድረቅ፤ አለዚያ ፈንገስ ይፈላበታል።

«ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ አትጎዳም» የምንለው ሌላው ስህተታችን ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በሙቀት አይታወቅም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሰቆጣ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በታኅሣሥም ቢሆን የቀትር ፀሐያችን እንደ አውሮፓ ዝቅ አትልም። ጥቁር ቆዳ ይከላከላል፤ ጨርሶ ግን አያድንም። አልቢኒዝም ላለባቸው ልጆችማ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፤ ለቆዳ ካንሰር በእጅጉ ይጋለጣሉ። ቫዝሊን ፀሐይ አይከላከልም። የፀሐይ ክሬም የተገኘለት ይቀባ፤ ያላገኘ ሰፊ ባርኔጣ ያድርግ፣ እጅጌው ረዥም ልብስ ይልበስ፣ ከረፋዱ 4 እስከ ከቀኑ 8 ሰዓት ጥላ ይፈልግ። ፊት ላይ ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ግን ይቅርብን፤ ቆዳ ያቃጥላል። የማቅያ ክሬሙም እንዲሁ፤ ስቴሮይድ ያለበት ቆዳን ያሳሳል።

እዚህ ላይ «መታጠቢያ ውሃ ከየት መጥቶ?» የሚል አንባቢ ቢኖር እውነቱን ነው። ዋግ ኽምራ ድርቅ የሚመላለስበት አገር ነው። እናቶቻችን በጀርባቸው፣ አህዮቻችን በጀሪካን የሚያመጡትን ውሃ «ከስፖርት በኋላ ሻወር ውሰዱ» ብሎ ማዘዝ ቀልድ ነው። እኛ የምንለው አንድ ጆግ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ነው፤ ለፊት፣ ለብብትና ለእግር ይበቃል።

ደግሞም ሸክሙን ሁሉ በልጆቹ ላይ አንጣል። የስፖርት ክፍለ ጊዜን ከቀትር ወደ ጠዋት ማዛወር ገንዘብ አይጠይቅም። ባርኔጣ ያደረገን ተማሪ «አውልቅ!» አለማለት ገንዘብ አይጠይቅም። በሜዳው ዳር ሁለት ዛፍ ተክሎ ማሳደግም ያን ያህል አያከስርም። ርእሳነ መምህራንና የስፖርት መምህራን፣ ይህቺን እንለምናችኋለን።

እኛ ደግሞ የድርሻችንን እንጀምር። ነገ ጠዋት ሜዳ ላይ ስንገናኝ ቫዝሊን የያዘው ልጅ ላይ አንሳቅ። እንዲያውም ትንሽ እንለምነው።