ጉልቻ ቢለዋወጥ

ከወጣቶች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፦ «የትኛው የኔትወርክ ንግድ ይሻላል? የማንኛው አከፋፈል ያዋጣል?» እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ከሥሩ የተጣመመ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ አከፋፈሎቹን እንያቸው። «ባይነሪ» የተባለው በግራና በቀኝ ሁለት እግር አቁም ይላል፤ ሒሳቡ የሚሠራው ግን በደካማው እግር ነው። በቀኝ መቶ ሰው አሰልፈህ በግራ አሥር ብቻ ካለህ፣ የምትከፈለው በአሥሩ ልክ ነው። «ማትሪክስ» የሰልፉን ወርድና ቁመት ይገድብብሃል። «ዩኒሌቭል» ከሥርህ የፈለግኸውን ያህል ሰው አሰልፍ ብሎ፣ እስከተወሰነ ደረጃ ድረስ መቶኛ ይቆርጥልሃል። በማዕረግ የሚያወጣው ደግሞ ያሳደግኸው ሰው እኩያህ ሲሆን ከነተከታዮቹ ከቡድንህ ይገነጥለዋል፤ ያንተም ድርሻ ይቀንሳል።

አራቱም ስለ ክፍፍሉ እንጂ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይናገሩም። ዕቃውን ከሰልፉ ውጭ ያለ ሰው ወዶ ከገዛው ንግድ ነው፤ እሰየው! አዲስ ገቢው ለመመዝገብ ሲል ብቻ የሚገዛው ከሆነ ግን፣ የሚከፋፈሉት የኋለኛውን ሰው ኪስ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

ቁጥር ይመስክር። እያንዳንዱ አምስት ሰው ያምጣ ቢባል፣ በ10ኛው ደረጃ 9,765,625፣ በ12ኛው 244,140,625 ሰው ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ ቢመዘገብ እንኳ አይበቃም! ሰልፉ የትም ላይ ይቁም፣ ከአምስቱ አራቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የቀሩ ናቸው።

«ይኸማ እቁብ ነው» የሚሉም አልጠፉም። እቁብን መስደብ ነው! በእቁብ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ባለዕጣ የሚያነሳው እኩል ነው፤ አዲስ አባል ባይመጣም እቁቡ ይዘልቃል።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2016 እ.ኤ.አ. ክስ ያቀረበበት ሄርባላይፍ 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ክፍያውን በተረጋገጠ ሽያጭ ላይ ለመመሥረት ተስማምቷል። እኛም ዘንድ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሏል።

እንግዲህ ወዳጄ፣ አከፋፈል ከማወዳደርህ በፊት ይህን ጠይቅ፦ ከነገ ጀምሮ አንድም አዲስ ሰው ባይገባ፣ ይህ ዕቃ በዚህ ዋጋ ገዢ ያገኛል? መልሱ «አያገኝም» ከሆነ፣ ስምህን ከማስፈርህ በፊት ከሥርህ የምታሰልፋቸውን አስብ። እህትህ ናት፤ አብሮ አደግህ ነው፤ ቡና አጣጪህ ጎረቤት ናት። የኋለኛው ሰው ማለት እነሱ ናቸው።