ለማደግ ያሳደገንን መካድ አለብን?

በአማርኛ ፊልሞቻችን ሰው የሚለወጠው በፍጥነት ነው። ልጅቷ ከገጠር ትመጣለች፣ ፀጉር ቤት ትገባለች፣ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ ስትወጣ በቃ ሌላ ሰው ሆናለች። ስልካችን ላይ ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል። ስም እንቀይራለን፣ ፎቶ እንቀይራለን፣ የድሮውን እናጠፋለን፤ አለቀ።

እኔ ግን የማደግ ታሪክ ሲባል ትዝ የሚለኝ ጅጅጋ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ሱቅ ሲላክ በሶማሊኛ ይከራከራል፣ ሰፈር ውስጥ በአማርኛ ይሰዳደባል፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሁለቱን ቀላቅሎ ይጮሃል። ያኔ ማንም ምንም አይለውም። ጢም ማብቀል ሲጀምር ግን አንዱ መጥቶ "አንተ የማን ወገን ነህ?" ይለዋል።

ነጋ መዝለቂያ ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ጅጅጋ ተወለደ። ልጅነቱንና ጉርምስናውን የተረከበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ "ከጅብ ሆድ የተጻፈ ማስታወሻ" እንደማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳን የገዢ ጄኔራል ሽልማት አግኝቷል። ነጋ የአማራ ልጅ ነው። ግን በደርግ ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ጋር ተሰልፎ ነበር። ኋላ ከአገር ወጥቶ ካናዳ ውስጥ መሐንዲስ ሆነ። ከዚህ በላይ መለወጥ አለ እንዴ? ሆኖም መጽሐፉን ሲጽፍ በልጅነቱ የሰማቸውን የእንስሳት ተረቶች ይዞ ነው የመጣው። አዲሱ ሰው የድሮውን ልጅ አላባረረውም።

ሌላኛው ኑረዲን ፋራህ ነው። ያደገው ከጅጅጋ ወደ ደቡብ ርቃ፣ ዋቢ ሸበሌ ዳር ባለችው ቀላፎ ነው፤ ተማሪ ሳለ አማርኛም ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው "ማፕስ" የተባለው ልቦለዱ አስካር የሚባል ወላጅ አልባ የሶማሌ ልጅ ታሪክ ነው። ያሳደገችው ሚስራ የምትባል ከደጋ የመጣች ሴት ናት። ልጁ ከእሷ ጋር ተጣብቆ ያድጋል። የ1969ኙ ጦርነት ሲመጣ ሞቃዲሾ ይሄዳል፤ እዚያም ማንነቱን ከካርታ ላይ መማር ይጀምራል። በኋላ ሚስራ ከሃዲ ተብላ ስትከሰስ፣ እናቱን ይመን ወይስ ካርታውን? ሚስራ በመጨረሻ ትገደላለች። አስካር ጎልማሳ የሚሆነው እንዲህ ባለ ዋጋ ነው።

"ታዲያ ከቤት መውጣት ክህደት ነው ወይ?" የሚል ይኖራል። አይደለም። የዚሁ ደራሲ የመጀመሪያ ልቦለድ ላይ ኤብላ የምትባል የአርብቶ አደር ልጅ አለች። ለሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ ጥላ ትጠፋለች፤ ደግ አደረገች። ከማይሆን ትዳር ማምለጥ ሌላ፣ ያጎረሰን እጅ አላውቅም ማለት ሌላ።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2010 ጅጅጋ ላይ ሰው ሲገደል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል፣ ሱቅ ሲዘረፍ፣ ያ "የማን ወገን ነህ?" የሚለው ጥያቄ እንደገና በር ያንኳኳ ነበር። አብሮ ኳስ የተጫወተ ሰው ያን ቀን መመለስ ነበረበት፤ ወይ በጎረቤቱ፣ ወይ በሰፈር ወሬ።

ስለዚህ ከጅጅጋ፣ ከቀብሪ በያህ፣ ከቶጎ ውጫሌ ለሚጽፉና በስልካቸው ፊልም ለሚቀርጹ ወጣቶች አንድ ነገር ልበል። ፀጉር ቤቱን ለአዲስ አበባ ፊልሞች ተዉላቸው። እናንተ ጋ ከዚያ የሚበልጥ ታሪክ አለ። በሁለት ቋንቋ ያደገ ልጅ አንዱን እንዲተው ሲጠየቅ ምን ይላል? ሻይ ያፈላችለትን የጎረቤት እናት በስሟ ይጠራታል ወይስ በብሔሯ? ይህን በሶማሊኛም በአማርኛም ጻፉት፤ ነጋና ኑረዲን በእንግሊዝኛ ጽፈውታል፣ እኛ ግን ገና በሰፈራችን ቋንቋ መስማት አለብን።

ፕሮፋይል መቀየር ቀላል ነው። አዲስ ሰው ሆኖ ተመልሶ ያሳደገችውን ሴት በር አንኳኩቶ "እኔ ነኝ" ማለት ግን ልብ ይጠይቃል። ለእኔ ማደግ ማለት እሱ ነው።