ጀግናውን ብቻውን የተወው ማን ነው?

በማኅበራችን የሲኒማ ምሽት የካውቦይ ፊልም በታየ ቁጥር አዳራሹ ጢም ብሎ እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን። ጀግናው በአቧራማው መንገድ ላይ ብቻውን ብቅ ሲል ፉጨቱና ጭብጨባው ይቀልጣል። እኔም ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነኝ። ቃሉ ጥቂት፣ ክንዱ ብርቱ፣ ማንንም የማይለማመጥ ሰው ማየት የማያስደስተው ወጣት የለም። ነገር ግን በቅርቡ «ሃይ ኑን»፣ ማለት «ቀትር» የተባለውን ፊልም ለሁለተኛ ጊዜ ካየሁ በኋላ ጭብጨባችን አሳሰበኝ።

ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ዳይሬክተር ፍሬድ ዚነማን ነው። ጋሪ ኩፐር ሆኖ የሚጫወተው ዊል ኬን የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕግ አስከባሪ ነው። በሠርጉ ዕለት ሥራውን ለቆ ሊሄድ ሲል፣ ቀድሞ ያሳሰረው ወንበዴ በምሕረት ተፈትቶ በቀትር ባቡር እንደሚመጣ ይሰማል። መንገድ ከጀመረ በኋላም ይመለሳል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር፣ ኬን «ብቻዬን ልዋጋ» አለማለቱን ነው። ረዳት ፍለጋ ከደጅ ደጅ ዞሯል። ዳኛው ጓዙን ጠቅልሎ ሸሸ። ምክትሉ ሹመቱን ስላላገኘ አኩርፎ ተለየው። አንዱ ወዳጁ ሚስቱን «የለም በይው» ብሎ እቤቱ ተደበቀ። በቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበውም ሕዝብ ብዙ ከተከራከረ በኋላ ጀግንነቱን አመስግኖ ከተማውን ለቆ እንዲሄድ መከረው።

እንግዲህ ኬን ብቻውን የቀረው ብርቱ ስለሆነ ሳይሆን ሌሎቹ ስለከዱት ነው። በመጨረሻ የደረሰችለትም በሃይማኖቷ ምክንያት የጦር መሣሪያ የምትጠየፈው ሙሽራው ናት። ደራሲው ካርል ፎርማን ይህን ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል፤ በ1951 ስለ ኮሙኒስትነት በሚመረምረው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም አልሰጥም በማለቱ ከሆሊውድ ሥራ ታግዶ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዷል።

«ጀግና እርዳታ አይለምንም» የሚል ይኖር ይሆናል። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስም ይህንኑ አስቦ በ1959 «ሪዮ ብራቮ»ን ሠራ። ሆኖም በዚያ ፊልም ሸሪፉ ጆን ዌይን ባይለምንም፣ ሰካራሙ ምክትሉ፣ አንካሳው ሽማግሌና አንድ ጎረምሳ ባይደርሱለት ኖሮ አብቅቶለት ነበር። የእውነተኛው ካውቦይ ሥራም የብቻ አልነበረም፤ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሁለትና ሦስት ሺህ ከብት ከቴክሳስ ወደ ካንሳስ ሲነዳ አሥር አሥራ አምስት ሰዎች ተጋግዘው ነበር።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ ሁላችንም በመኝታ ክፍላችን የምናጉረመርምበትን ጉዳይ በግልጽ ተናገረ። «የሚደግፍ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁላችን ጫማ ጫማችንን አየን። ማታ ግን ተራ በተራ ወደ ክፍሉ እየሄድን «አንተ እኮ ጀግና ነህ!» አልነው። እኔም ብያለሁ። አሁን ሳስበው ያ ምስጋና የቤተ ክርስቲያኑ ሕዝብ ምስጋና ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ያገራችን ሰው። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ካውቦዩን ማድነቃችን አይቅር፤ ፉጨቱም ይቀጥል። ነገር ግን መብራቱ ሲበራ እያንዳንዳችን «እኔ ኬንን እመስላለሁ ወይ?» ከማለታችን በፊት «በሬን አንኳኩቶ የለም ያስባልኩት ሰው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።